የማንዴላ ሰዓት

ፊዚክስ ለድርሰት ጌጥ ብቻ ነው የሚሉ ጓደኞቻችን የጆ ሃልደማንን «ዘላለማዊው ጦርነት» ቢያነቡት ደግ ነበር። ደራሲው ቬትናም ዘምቶ፣ ቆስሎ የተመለሰ ሰው ነው፤ መጽሐፉን በ1974 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ማንዴላ (ከደቡብ አፍሪቃው ጋር ዝምድና የለውም) የብርሃንን ፍጥነት ለመድረስ ጥቂት በሚቀራቸው መርከቦች ይዘምታል። አንስታይን በ1905 እንዳሳየው፣ እንዲያ የሚከንፍ ሰው ሰዓት አገር ቤት ከቀረው ሰዓት ይዘገያል። እናም ማንዴላ ጥቂት ዓመት ተዋግቶ ሲመለስ ምድር ከሃያ ዓመት በላይ አሳልፋ ትጠብቀዋለች። ጦርነቱ ሲያበቃማ 1143 ዓመት ሞልቶታል፤ እሱ ግን ገና ጎልማሳ ነው።

ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ 66 ዓመት ተኝቶ ሲነቃ ከተማዋ ጠፋችበት፤ በእጁ ግን ያልደረቀ በለስ ነበረው። ማንዴላስ ምን ይዞ ገባ? ከነወለዱ የተጠራቀመ ደመወዝ! ሃልደማንን የምናደንቀው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሳይሰብክ፣ የሰዓቱን ስሌት ብቻ ይዞ፣ ዘማች በገዛ አገሩ እንዴት ባዳ እንደሚሆን አሳየን።

ቅር ያሰኘን መጨረሻው ነው። ፍቅረኛው ማሪጌይ መርከብ ተሳፍራ ወዲያና ወዲህ እየከነፈች፣ በየአሥር ዓመቱ አንድ ወር ያህል ብቻ እያረጀች ትጠብቀዋለች። በስሌቱ አንጣላም፤ ከብርሃን ፍጥነት 99.997 በመቶ ገደማ ቢበሩ ይቻላል። ግን መጽሐፉን ሙሉ ሰው ከሰው ሲለያይ የኖረ ሰዓት እንዴት በአንዲት ደብዳቤ አስታራቂ ሽማግሌ ሆኖ ቁጭ ይላል? ከመካከላችን አንዷ «ታዲያ እሷም ትሙትበት ወይ?» ብላ ተቆጥታለች። ኧረ አትሙትበት! ብቻ ምሕረቱ ዋጋ ሳይከፈልበት ስለመጣ አላመንነውም።