አራት ኪሎ ነሐስ

የኤስፕሬሶ ማሽን ሥራ ሲወራ ቀላል ነው፦ ሙቅ ውሃ በደቀቀ ቡና መሃል በኃይል ማሳለፍ። የሚያስቸግረው መጠኑ ነው። ውሃው ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ካልሆነ ቡናው ወይ ይጎመዝዛል ወይ ይመርራል፤ ግፊቱም 9 ባር አካባቢ መሆን አለበት። የሚላኖው ፋኤማ ኩባንያ መሥራች ኤርኔስቶ ቫለንቴ እ.ኤ.አ. በ1961 ያወጣው ኢ61 ለዚህ የተሰጠ መልስ ነው። ስሙን ያገኘው በዚያው ዓመት በየካቲት ጣሊያን ላይ ከታየው የፀሐይ ግርዶሽ ነው። ዋናው ክፍሉ፣ የቡናው እጀታ የሚገጠምበት ግሩፕ፣ ዛሬም በብዙ ፋብሪካዎች እየተሠራ ቡና ቤቱንም ማድ ቤቱንም ሞልቶታል።

ከዚያ በፊት የነበሩት የጋጅያ ማሽኖች ግፊት የሚያገኙት ከሞላ ነበር፤ ሞላውን የሚጨምቀው ደግሞ የባለሙያው ክንድ ነው። ቫለንቴ ይህን ሥራ ለኤሌክትሪክ ፖምፓ ሰጠው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ፖምፓው ሳይሆን ግሩፑ ነው። በክሮም የተለበጠ፣ አራት ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነሐስ ነው። ክብደቱ ለጌጥ አይደለም። ያን ያህል ብረት አንዴ ከሞቀ በኋላ አንድ ሲኒ ቡና ሲያልፍበት ሙቀቱ እምብዛም አይዋዥቅም።

እንዴት ይሞቃል? ከኋላው ሁለት ቱቦዎች ይገቡበታል። በላይኛው የሞቀው ውሃ ቀሎ ይወጣል፤ በነሐሱ ውስጥ ሙቀቱን ጥሎ ሲከብድ በታችኛው ይመለሳል፤ እንደገና ሞቆ ይወጣል። ፖምፓ የለበትም፣ የሚዞር ነገር የለበትም። ማሽኑ እስከበራ ድረስ ውሃው ራሱ ሥራውን ይሠራል። ቦይለሩ ግሎ ሳለ ግሩፑ ለብ ብቻ ካለ፣ ወይ አየር ቱቦው ውስጥ ታግቷል ወይ ኖራ መንገዱን አጥብቦታል። አየር ከሆነ ውሃ ለቀቅ ሲደረግ ብዙ ጊዜ ይከፈታል፤ ኖራ ከሆነ ግን መፍታትና ማጠብ ነው።

በጎኑ ያለው ማንሻ ካም ያለበትን ዘንግ ያዞራል። ሲነሳ የላይኛው ቫልቮላ ይከፈትና ፖምፓው ይነሳል። ውሃው ግን በአንድ ጊዜ ቡናው ላይ አይወድቅም፤ ግፊቱ መጀመሪያ አንዲት ሞላ ገፍቶ ከታች ያለችውን ትንሽ ክፍል መሙላት አለበት። በነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ቡናው ይረጥባል፣ ያብጣል፣ ለ9 ባር ይዘጋጃል። ማንሻው ሲወርድ የታችኛው ቫልቮላ ተከፍቶ የቀረውን ግፊት ወደ ታች ያስተነፍሳል፤ ስለዚህ እጀታው ሲነቀል ቡናው ፊት ላይ አይፈነዳም።

ይህ አሠራር ብልሽትን እንኳ ግልጽ ያደርጋል። ቡና እየወረደ ሳለ ከታችኛው አፍ ውሃ ከተንጠባጠበ የታችኛው ቫልቮላ ጎማ አርጅቷል። ማንሻው ወርዶ ሳለ ከተንጠባጠበ ጥፋቱ የላይኛው ነው። እጀታው ከመሃል አልፎ ወደ ቀኝ ከሄደ ትልቁ ጓርኒሲዮን ደርቋል፤ በወስፌ ሲነቀል እንደ ከሰል እየተሰባበረ ይወጣል። ማንሻው ከጮኸ ደግሞ ሳሙና የካሙን ቅባት አጥቦታል፤ ለምግብ ዕቃ የሚሆን የሲሊኮን ቅባት ያስፈልገዋል። ለዚህ ሁሉ የሚበቃው መፍቻና ትዕግሥት ነው፤ የተጣበቀ፣ ከተከፈተ የማይገጠም ነገር የለም።

ማሻሻያውም የሚገባው በዚያው በር ነው። ይህ ግሩፕ ባላቸው ብዙ የቤት ማሽኖች የቡናው ውሃ የሚሞቀው በቦይለሩ ሆድ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ነው። ቦይለሩ ለእንፋሎት ሲባል ከ100 ዲግሪ በላይ ስለሚቆይ፣ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ሲቆም ይህ ውሃ ከሚገባው በላይ ይግላል። ቡና ከመውረዱ በፊት ጥቂቱን ማፍሰስ ግድ ነው። ልምድ ያለው በድምፅ ያውቀዋል፦ መጀመሪያ እየተንጣጣ እንፋሎት ይተፋል፣ ቀጥሎ ረግቶ ይወርዳል። በግሩፑ ፊት ያለውን ባለ ስድስት ጎን ብሎን ፈትቶ በቦታው ቴርሞሜትር የተከለ ሰው ግን ግምቱን ትቶ ቁጥሩን ያነባል።

ሁለተኛው ማሻሻያ ከአናቱ ነው። ትልቁ ብሎን ሲፈታ የእንጉዳይ ቅርጽ ያለው ነሐስ ይወጣል፤ የውሃውን ፍጥነት የሚወስነው ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ቀዳዳም እዚያ ነው። በሱ ፈንታ በእጅ የሚዞር መርፌ ቫልቮላ ሲገባ ፍሰቱ በጠጪው እጅ ይሆናል። ይህ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እንደ ይርጋጨፌ ላለ፣ በከፍታ ቦታ በቅሎ ፍሬው ለጠጠረና ቀለል ተደርጎ ለተቆላ ቡና ነው። ጣሊያኖቹ ማሽኑን ያወጡት ጠቁሮ ለተቆላ ቡና ነበር። ቀለል ብሎ የተቆላው ቆይቶ መርጠብና ሞቅ ያለ ውሃ ያስፈልገዋል፤ ያ አሮጌ ነሐስ ሁለቱንም ሳይጎዳ ተቀበለ።

እንከኑን መደበቅ አያስፈልግም። በደንብ ለመሞቅ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ መብራትም ይበላል። ነሐሱ ቢቀንስ ቶሎ በሞቀ ነበር፤ ሙቀቱን ይዞ መቆየቱ ግን አብሮ ይቀራል። ስለዚህ ከማሻሻያዎቹ ሁሉ ብልሁ ማሽኑን ጨርሶ የማይነካው ነው፦ ባለቤቱ ከመንቃቱ ግማሽ ሰዓት በፊት የሚያበራ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰካ ርካሽ ሰዓት ቆጣሪ።