በሳንቲሙ ላይ ያለውን ዓመት አትመኑ

አሮጌ ገንዘብ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዓመቱን ነው። በእኛ አገር ግን በገንዘቡ ላይ የተጻፈው ዓመት ያሳስታል። ማርትሬዛ ሁልጊዜ በአውሮፓ አቆጣጠር 1780 ነው፤ በላዩ የምትታየው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያረፈችበት ዓመት። ከዚያ ወዲህ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያንኑ ቁጥር እንደያዘ ሲታተም ኖሯል። 1895 የሚለውን የምኒልክ ግርሽ ፓሪስ ንጉሡ ካረፉም በኋላ ቁጥሩን ሳትነካ አትማዋለች። የጃንሆይ ሳንቲሞች 1936 ላይ ቆመው ቀሩ። የደርጎቹም 1969ን ይዘው ለዓመታት ወጡ። ስለዚህ አንድ ገንዘብ መቼና የት እንደተሠራ ማወቅ የፈለገ ሰው ቁጥሩን ትቶ ጥቃቅኑን መልክ ማንበብ አለበት።

እኔ አንጥረኛ ነኝ፤ የምሠራውም ላስታ ውስጥ ብልባላ ነው። ሰው አሮጌ ብር የሚያመጣልኝ ለመስቀል ወይም ለአንገት ጌጥ እንዳቀልጠው ነው፤ አያቶቻችንም ብር ሲያስፈልጋቸው እሳት ውስጥ የሚከቱት ማርትሬዛ ነበር። እኔ ግን ማጉያ መነጽር፣ የግራም ሚዛንና ማግኔት ከወናፉ አጠገብ አስቀምጣለሁ። ሳላየው የማቀልጠው የለም።

ማርትሬዛ ሲመጣ መጀመሪያ እመዝነዋለሁ። ትክክለኛው 28 ግራም ከትንሽ ፍርፋሪ ነው፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ቀጥሎ ጠርዙን አዞራለሁ። «በፍትሕና በምሕረት» የሚል የላቲን ጽሑፍ ከነሐረጉ ጠርዙ ላይ ዞሮ መኖር አለበት። ጽሑፉ ከደበዘዘ፣ ወይም ጠርዙን እንደ ስፌት የሚከፍል መስመር ካለ፣ ገንዘቡ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ነው፤ ሐሰተኛ ነው ማለት ነው። ከንግሥቲቱ ምስል ግርጌ ያሉት ሁለት የላቲን ፊደላት የጊንዝቡርግ ማተሚያ ሹማምንት የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስም መነሻ ናቸው። ሰዎቹ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው፣ ፊደላቱ ግን ዛሬም አሉ። የጥንት ነጋዴዎች በትከሻዋ ጌጥ ዙሪያ ያሉትን ሉሎች ሳይቆጥሩ አይቀበሉም ነበር ይባላል፤ አልተሳሳቱም። የሉሎቹ ቅርጽ፣ የፊደላቱ ርቀት፣ ከሁሉም በላይ በጀርባው ያለው የንስሩ የጅራት ላባ ከማተሚያ ማተሚያ ይለያያል። ቪየና አትማዋለች፤ የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር በ1860 ዓ.ም. ከአሸንጌ በዋድላ አድርጎ ወደ መቅደላ ሲወጣ ስንቁን የገዛው ከዚያ ባስመጣው ብር ነው። ሙሶሊኒ ለወረራው ሲዘጋጅ በ1935 እ.ኤ.አ. የማተሚያውን ብረት ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አሳተመ። ለንደን ተከተለች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦምቤይም ገባችበት። ሁሉም 1780 ይላሉ። አያታችን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችው የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ላባው ነው።

የምኒልክ ብር ለላስታ ዘግይቶ የመጣ ነው። ባላገሩ ለረጅም ጊዜ ማርትሬዛን ይመርጥ ስለነበር፣ ከዕቃ ሳጥን የሚወጣው የምኒልክ ብር ብዙ ጊዜ ቀዳዳ አለው፤ ከገበያ ይልቅ ለአንገት ውሎ ነበርና። እዚህ ላይ የምመለከተው አንበሳውን ነው። በ1887 እና በ1889 ብሮች ላይ ከፊት እግሮቹ ያነሳው ግራውን ነው፤ በ1892 እና በ1895ቱ ላይ ግን ቀኙን። ይህን የማያውቅ ሻጭም ገዥም ብዙ ነው። በግርሽ ላይ ደግሞ ዓመቱ በግእዝ ቁጥር ስለሆነ፣ ሲያልቅ ፹ እና ፺ ይምታታሉ። ጣት ሲዳስሰው የሚሸወድበትን፣ ከጎን የሚገባ የጠዋት ብርሃን ይለየዋል። እኩለ ቀን ላይ ገንዘብ አላይም፤ ከላይ የሚወርድ ፀሐይ ጥላ አይሰጥም፣ ጥላ ከሌለ ደግሞ ጭረቱና እብጠቱ አንድ ይመስላሉ።

በዚህ ሥራ ከባዱ ሦስት ነገሮችን መለየት ነው፤ የማተሚያውን ብረት ጠባይ፣ የአንዲት ምት ስህተት፣ እና ከታተመ በኋላ የደረሰ ጉዳት። ገንዘብ የሚታተመው በሁለት ብረቶች መካከል ነው፤ አንዱ ዘውዱን፣ ሌላው ጎፈሩን ይዟል። ብረቱ ከተሰነጠቀ ብሩ ስንጥቁ ውስጥ ስለሚገባ በገንዘቡ ላይ ከፍ ያለ ቀጭን መስመር ይወጣል። ቢላ ወይም ጥፍር የጫረው ግን ዝቅ ያለ ነው። ይህችን ብቻ የያዘ ሰው ከግማሽ በላይ ጭቅጭቁን ይገላገላል። በብረቱ ላይ ያለ ነገር ብረቱ ባተማቸው ሁሉ ላይ ይደገማል፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት ስንጥቅ ያላቸው ሁለት ግርሾች ካገኘሁ ወንድማማች ናቸው። በአንዱ ስንጥቁ ከአንበሳው እግር ጀምሮ ፊደሉ ጋ ቆሞ፣ በሌላው ጠርዝ ድረስ ከዘለቀ ደግሞ ታላቁ የትኛው እንደሆነ አወቅሁ፤ ስንጥቅ ያድጋል እንጂ አይሽርምና። ቁጥሩ የደበቀውን ቅደም ተከተል ስንጥቁ አወጣው። በዚህ ሥራ ከዚህ የበለጠ ደስ የሚለኝ ነገር የለም።

ፊደሉ ጥንድ ሆኖ ሲታይም መቸኮል አይገባም። ሁለተኛው ምስል እንደ መጀመሪያው ክብና ሙሉ ከሆነ ብረቱ ራሱ ሲቀረጽ ሁለት ጊዜ ተመትቷል፤ ይህ የሚፈለገው ነው። ጠፍጣፋ እርከን ብቻ ከሆነ ግን ማተሚያው ሲመታ ትንሽ ተንቀጥቅጧል፤ ይህ ተራ ነገር ነው፣ ዋጋ አይጨምርም። ምስሉ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ግማሽ ጨረቃ የሚያህል ባዶ ቦታ ከቀረ፣ ወይም ጠርዙ ተነክሶ ከወጣ፣ ያ የአንዲት ምት ስህተት ነው፤ አምሳያ የለውም። የተበሳ፣ የተቀጠቀጠ፣ እሳት የነካው ግን ስህተት ተብሎ አይሸጥም።

በጃንሆይ ዘመን ገንዘብ ታሪክ ያለው ስሙኒው ነው። የመጀመሪያው ክብ የመዳብ ስሙኒ በመጠኑ ከብር ሽልንጉ ጋር ስለሚመሳሰል፣ ብልጣ ብልጡ ብር እየቀባ ሽልንግ ነው ብሎ ይሰጥ ጀመር። መንግሥትም በ1940ዎቹ አጋማሽ ጠርዙን አበባ አስመስሎ አስጠረበው። ታዲያ ጥርቡ እኩል አይደለም፤ አንዳንዱ ሻካራና ያልተስተካከለ ነው፣ ሌላው ጥንቅቅ ያለ። ዓመቱ በሁሉም ላይ 1936 ነው። ክቡን ስሙኒ ያገኘ አይጣለው፤ ብዛቱ ከጥርቡ በጣም ያነሰ ነው።

በ1969ኞቹ ደግሞ የአንበሳውን ጺም እዩ። በአንዱ ዓይነት ራሱ አነስ ብሎ ጺሙ እኩል የተደረደረ ነው፤ በሌላው ከአገጩ በግራ በኩል ሁለት ረዣዥም ጸጉሮች ይወርዳሉ። የተለያዩ የውጭ አገር ማተሚያዎች ስለሠሯቸው ነው። በኋላ የመጡት ሳንቲሞች ውስጣቸው ብረት፣ ላያቸው በሌላ ማዕድን የተለበጠ ስለሆነ ማግኔት ይይዛቸዋል፤ የቀደሙትን አይነካም። በስልክ የሚናፈሰውን «አሮጌ ሳንቲም በሚሊዮን ይገዛል» የሚል ወሬ ግን አትስሙ። በዚህ ወሬ ተታለው ከሩቅ ቀበሌ በእግር የመጡ እናቶችን ባዶ እጃቸውን መመለስ ያሳፍራል።

ሌላው የሚያሳዝነኝ ማጠብ ነው። አንድ አባት የምኒልክ አላድ (ግማሽ ብር) አመጡልኝ፣ እንደ መስታወት ያበራል።

«አባባ፣ ምን ነካው?»

«በአመድና በሎሚ ፈተግሁት ልጄ፤ ጠቁሮ ነበር።»

ጥቁረቱ ቆሻሻ አልነበረም፤ ብሩ በዘመን ብዛት የለበሰው ነው። ከእርሱ ጋር የአንበሳው ጎፈርም፣ የፊደሉ ጫፍም ሄዷል። ከዚያ በኋላ ማጉያ ምን ያደርጋል? መስቀል ሆነላቸው።

ወደ ኋላ ብንሄድ የአክሱም ነገሥታት ገንዘብ አለ፤ በነሐሱ ላይ መስቀሉ በወርቅ የተለበጠ፣ የኋለኞቹ ደግሞ ግሪክኛ የማያውቅ ቀራጭ ፊደሉን ያዘበራረቀባቸው። እነዚህን እኔ አልገዛም፣ አላቀልጥም፣ ለጎብኚም እንዲሸጡ አልመክርም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ናቸው። በእርሻ ወይም በቁፋሮ ድንገት ያገኘ ሰው ሳያጥብና ሳይፍቅ፣ ከየትኛው ማሳ እንደወጣ ጽፎ፣ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቅ። ቀሪውን፣ ማርትሬዛውንም ሆነ ግርሹን፣ ለአንጥረኛ ከመስጠታችሁ በፊት በጠዋት ብርሃን አንድ ጊዜ አገላብጣችሁ እዩት።