መሰላሉና የሒሳብ መዝገቡ፦ ወጣቶች በማኅበረሰብ የድጋፍ ገንዘብ ላይ ስለሚኖራቸው ሥልጣን የቀረበ ሂስ

መግቢያ

ወጣቱን ለኅብረተሰቡ ጉዳይ አሳቢና ተጠያቂ አድርጎ ማሳደግ ከትምህርት ዐበይት ዓላማዎች አንዱ መሆኑ የታመነበት ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ዓላማ በመማሪያ ክፍል ውስጥ በሚሰጥ ትምህርት ብቻ ከግቡ አይደርስም። ስለ ዜግነት ኃላፊነት በቃል የተማረ ተማሪ ኃላፊነትን በእጁ ይዞ ካልተለማመደው፣ የተማረው ከፈተና ወረቀት አልፎ ወደ ሰፈሩ አይዘልቅም። ከዚህ በመነሣት በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ መንግሥታትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች፣ ወጣቶች በየአካባቢያቸው ለሚያከናውኗቸው ሥራዎች መጠነኛ የድጋፍ ገንዘብ መስጠትን እንደ አንድ የማስተማሪያ ዘዴ ይዘውታል።

ገንዘቡ ለችግኝ ተከላ፣ ለስፖርት ሜዳ ወይም ለንባብ ክበብ ሊውል ይችላል። ለትምህርት ተመራማሪ ግን ከተተከለው ችግኝ ቁጥር ይልቅ የሚያሳስበው ጥያቄ ሌላ ነው። ገንዘቡ የተሰጠው ወጣት ከሥራው መሪ ሆኖ ወጣ? ወይስ የሌላ ሰው ዕቅድ ፈጻሚ ሆኖ ቀረ? ይህን ለመመዘን በብዛት የሚጠቀሰው መለኪያ ሮጀር ሃርት የተባለው ምሁር ያቀረበው «የተሳትፎ መሰላል» ነው። የዚህ ሂስ ዓላማ መሰላሉ ለምን እንደሚጠቅም መግለጽ፣ የድጋፍ ገንዘብን በሚመለከት ግን ምን እንደሚጎድለው ማሳየት ነው።

የሥራው ይዘት

ሃርት በኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ፣ ሰው ከአካባቢው ጋር ስላለው ግንኙነት የሚያጠና የሥነ ልቡና ምሁር ነው። ስለ ሕፃናት ተሳትፎ የጻፈውን ድርሰት፣ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት በፍሎረንስ ከተማ ባለው የጥናት ማዕከሉ አማካይነት በ1992 እ.ኤ.አ. አሳተመው። ድርሰቱ የወጣው ዓለም አቀፉ የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ1989 እ.ኤ.አ. ከጸደቀ ብዙም ሳይቆይ በመሆኑ ጊዜውን የጠበቀ ነበር። ስምምነቱ በ12ኛው አንቀጽ፣ የራሱን አስተያየት ለመመሥረት የሚችል ሕፃን በሚነኩት ጉዳዮች ሐሳቡን የመግለጽ፣ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ግምት የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሃርት ይህ ድንጋጌ በሥራ ላይ ሲውል ምን መምሰል እንዳለበት ለማስረዳት፣ ሼሪ አርንስታይን በ1969 እ.ኤ.አ. ስለ ጎልማሶች የዜግነት ተሳትፎ ካቀረበችው መሰላል ምሳሌውን ወስዶ ስምንት እርከኖችን ዘረዘረ።

ከታች ያሉት ሦስቱ እርከኖች ተሳትፎ የማይባሉ ናቸው። በመጀመሪያው ሕፃናት የማይገባቸውን ጽሑፍ ተሸክመው ለሌሎች ዓላማ መሣሪያ ይሆናሉ። በሁለተኛው መፈክር የተጻፈበት ካናቴራ ለብሰው እየዘመሩ ለበዓሉ ጌጥ ይሆናሉ። በሦስተኛው አንደበተ ርቱዕ የሆኑ ጥቂት ልጆች ከጓደኞቻቸው ጋር ሳይመካከሩ በጉባኤ መድረክ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም እንደወከሉ ይቆጠራሉ። ከአራተኛው እርከን ጀምሮ እውነተኛ ተሳትፎ ይጀምራል። በአራተኛው ሥራው ይመደብላቸዋል፤ ነገር ግን ዓላማው ይነገራቸዋል። በአምስተኛው ይጠየቃሉ። በስድስተኛው ጎልማሶች የጀመሩትን ሥራ በጋራ ይወስናሉ። በሰባተኛው ራሳቸው ጀምረው ራሳቸው ይመራሉ። በስምንተኛው ራሳቸው የጀመሩትን ከጎልማሶች ጋር በጋራ ይወስናሉ።

የመሰላሉ ጥንካሬ

የመሰላሉ ታላቅ ጥቅም የታይታን ተሳትፎ በስሙ ለመጥራት ማስቻሉ ነው። ከእርሱ በፊት አንድ የሥራ ኃላፊ ወጣቶችን በሰልፍ አቁሞ ፎቶግራፍ ካስነሣ በኋላ «ወጣቱ ተሳትፏል» ብሎ ዘገባ ቢያቀርብ፣ ዘገባውን የሚያነብ ሰው በምን እንደሚመዝነው ግልጽ አልነበረም። መሰላሉ ይህን ሰው፣ ሐሳቡን ማን እንዳመነጨውና ማን እንደወሰነ እንዲጠይቅ አስተማረው። በተጨማሪም ሃርት ከሁሉ የላቀውን እርከን ለብቻቸው ለሚሠሩ ሕፃናት ሳይሆን ከጎልማሶች ጋር ለሚመካከሩት መስጠቱ አስተዋይነት ነው። ልጅ ከአባት፣ ተማሪ ከመምህር ተለይቶ የሚመሠርተው ኅብረተሰብ የለምና።

ደራሲው የሥራውን ወሰን ያወቀ መሆኑም ሊመሰገንለት ይገባል። በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ መሰላሉ የውይይት መነሻ እንዲሆን የቀረበ እንጂ ማንኛውም ፕሮግራም የሚለካበት ሙሉ መስፈሪያ አለመሆኑን ገልጿል። የሚከተለው ትችትም የሚያነጣጥረው ከደራሲው ይልቅ መሰላሉን እንዳለ ወስደው ለድጋፍ ገንዘብ ፕሮግራሞች መመዘኛ በሚያደርጉት ላይ ነው።

መሰላሉ የማይጠይቀው ጥያቄ

መሰላሉ ሁለት ነገሮችን ይጠይቃል፤ ሥራውን ማን ጀመረው? ውሳኔውስ የማን ነው? ሦስተኛውን ጥያቄ ግን አያነሣም፤ ገንዘቡን ማን ይዞታል? ሒሳቡስ በማን ፊት ይነበባል? የሃርት ድርሰት በዋነኛነት የሚመለከተው 18 ዓመት ያልሞላቸውን ልጆች ስለሆነ፣ ትኩረቱ በድምፃቸው መሰማት ላይ መሆኑ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገሩ ወደ ወጣቶችና ወደ ድጋፍ ገንዘብ ሲዛወር ግን ድምፅ ብቻውን አይበቃም።

ይህን ለማስረዳት አንድ ሁኔታ በሐሳብ መመልከት ይጠቅማል። የአንድ ሰፈር ወጣቶች የንባብ ቤት ለመክፈት በራሳቸው ያስባሉ፤ ያቅዳሉ፤ ሥራውንም ይመራሉ። ሆኖም መጻሕፍቱን የሚገዛው የረጂው ድርጅት ሠራተኛ ነው። ደረሰኙን የሚያስቀምጠው፣ የማጠቃለያውን ዘገባ የሚጽፈውም እርሱ ነው። በመሰላሉ ሚዛን እነዚህ ወጣቶች ከሰባተኛው እርከን ላይ ቆመዋል። ጎረቤታቸው «የተሰጣችሁ ብር ስንት ነበር? ስንትስ ቀረ?» ብሎ ቢጠይቃቸው ግን መልስ የላቸውም። ለሰፈራቸው ሰው መልስ የሌለው መሪ ደግሞ ስሙ እንጂ ሥልጣኑ ከእርሱ ዘንድ የለም። በሚቀጥለው ጊዜም ሰፈሩ ጥያቄውን የሚያቀርበው ለወጣቶቹ ሳይሆን ለረጂው ድርጅት ይሆናል።

ሁለት ምሳሌዎች ከውጭ አገር

የመጀመሪያው ምሳሌ በሰሜን አሜሪካ በሚሺጋን ግዛት የተካሄደው ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ የኬሎግ ፋውንዴሽን፣ የየአካባቢው ሕዝብ ያቋቋማቸው የማኅበረሰብ ፋውንዴሽኖች ለወጣቶች ጉዳይ የሚውል ቋሚ ገንዘብ እንዲያሰባስቡ ለማበረታታት ተጓዳኝ ድጋፍ አቀረበ። የድጋፉ ቅድመ ሁኔታ እያንዳንዱ ፋውንዴሽን የወጣቶች አማካሪ ኮሚቴ እንዲያቋቁም ነበር። የኮሚቴው አባላት በአካባቢያቸው ያሉትን ወጣቶች ችግር በመጠይቅ ያጠናሉ፤ ማመልከቻዎችን ይቀበላሉ፤ ተከራክረው ለየትኛው ሥራ ምን ያህል ገንዘብ እንዲሰጥ ለፋውንዴሽኑ ቦርድ ያቀርባሉ። ዋናው ገንዘብ ሳይነካ ከሚያፈራው ገቢ በየዓመቱ ስለሚሰጥ፣ ዘንድሮ የተሳሳተ ኮሚቴ ከርሞ ስህተቱን የሚያርምበት ዕድል ያገኛል።

በሃርት መሰላል ይህ ፕሮግራም ከስድስተኛው እርከን አያልፍም፤ ጎልማሶች የጀመሩትና የመጨረሻው ማጽደቂያ በቦርዱ እጅ ያለ ነውና። ነገር ግን አንድን ማመልከቻ ውድቅ አድርጎ ለአመልካቹ ምክንያቱን መንገር የሚገባው የ16 ዓመት ወጣት፣ ከላይ ከተገለጹት የንባብ ቤት መሥራቾች ይልቅ የመሪነትን ክብደት ቀምሷል። መሰላሉ ዝቅተኛውን ከፍተኛ፣ ከፍተኛውን ዝቅተኛ አድርጎ የሚያሳየው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ በቦስተን ከተማ በ2014 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የወጣቶች በጀት ነው። የከተማው አስተዳደር ከካፒታል በጀቱ 1 ሚሊዮን ዶላር መድቦ አወጣጡን ከ12 እስከ 25 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ነዋሪዎች በድምፅ እንዲወስኑ አደረገ። አሠራሩ በብራዚል በፖርቶ አሌግሬ ከተማ በ1989 እ.ኤ.አ. ከተጀመረው የአሳታፊ በጀት ልምድ የተወሰደ ነው። ወጣቶቹ ሐሳብ አመነጩ፤ ፈቃደኞች ከእነርሱ መካከል ተመርጠው ሐሳቡን ወደ ፕሮጀክት ቀየሩ፤ ከዚያም ድምፅ ተሰጠ። በመጀመሪያው ዓመት ከተመረጡት መካከል የፍራንክሊን ፓርክ የመጫወቻ ስፍራ እድሳትና ለሦስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሆኑ ኮምፒዩተሮች ይገኙበታል።

የቦስተን ሙከራ ዕድሜያቸው ለምርጫ ላልደረሰ ወጣቶች የድምፅ መስጫ ወረቀት መስጠቱ ታላቅ እርምጃ ነው። ጉድለቱም ግን ሊታለፍ አይገባም። ገንዘቡ ከካፒታል በጀት ስለሆነ ሊውል የሚችለው ለሚዳሰስና ለብዙ ጊዜ ለሚቆይ ነገር ብቻ ነው። ለደመወዝ ወይም ለሥልጠና አይሆንም። ስለዚህ ሥራ አጥነት ያስጨነቀው ወጣት ጭንቀቱን ትቶ ስለ መናፈሻ እንዲወስን ይገደዳል። ደግሞም ድምፁ ከተቆጠረ በኋላ ግዢውና ግንባታው የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ሥራ ይሆናል። ወጣቱ ይመርጣል እንጂ አይመዘግብም።

በኢትዮጵያ ምድር

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ይህ ክርክር እንግዳ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማርቷል። ብዙዎቹ ዘማቾች የገበሬ ማኅበራትን በማደራጀትና ማንበብና መጻፍን በማስተማር ከሕዝቡ ጋር ተዋውቀዋል። ይሁንና የዘመቻው ዓላማና ወሰን የተቆረጠው ከበላይ ነበር። ወጣቱ ከተሰጠው መመሪያ የተለየ ሐሳብ ባነሣበት ስፍራ ሁሉ ግጭት ተፈጥሯል። ኃላፊነትን ጠይቆ ሥልጣንን የሚነፍግ ጥሪ ምን ያህል ትጋት እንደሚያባክን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

በ2009 ዓ.ም. የተቋቋመው የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በ10 ቢሊዮን ብር መነሻ ታላቅ ተስፋን የያዘ እርምጃ ነበር። ይሁን እንጂ ፈንዱ ተደራጅተው ለሚሠሩ ወጣቶች የሚሰጥ ብድር በመሆኑ ያተኮረው በግልና በቡድን መተዳደሪያ ላይ ነው። ሰፈሩ የጋራ የሆነውን ነገር፣ ማለትም የውኃ መስመሩን፣ መንገዱን ወይም የንባብ ቤቱን በወጣቱ አመራር እንዲያሻሽል ታስቦ የተዘጋጀ አይደለም። ሥራ የሌለው ወጣት ሥራ ማግኘቱ አስፈላጊ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ሆኖም ብድር ከፋይ መሆንና ለጎረቤት መልስ ሰጪ መሆን ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች ናቸው።

ሁለተኛውን ትምህርት ሕዝቡ ከማንም ሳይዋስ ሲሠራበት የኖረው በእድር ነው። እድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። በደንብ ይተዳደራል፤ ገቢውና ወጪውም በአባላቱ ፊት ይነበባል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው አነጋገር የሚሠራው ሎሚው በሁሉም ፊት ሲቆጠር መሆኑን የእድር አባል ጠንቅቆ ያውቃል። ነገር ግን በእድር ውስጥ የወጣቱ ስፍራ የት ነው? አባልነቱ በአብዛኛው የሚመዘገበው በቤተሰቡ ኃላፊ ስም ነው። ድንኳን የሚተክለውና አግዳሚ ወንበር የሚያመላልሰው ወጣቱ ነው፤ መዝገቡ ሲነበብ ግን አይጠራም። ስለዚህ ነባሩ ተቋም ራሱ ወጣቱን በጉልበቱ አስገብቶ በሒሳቡ ከደጅ አስቀርቶታል።

ሊነሣ ስለሚችል ተቃውሞ

ለወጣቶች ገንዘብ ማስያዝ ለብክነት በር ይከፍታል፤ 18 ዓመት ያልሞላውም ሰው በሕግ ፊት ስላልበቃ ሊፈርም አይችልም የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ተቃውሞው ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን መፍትሔው ገንዘቡን ከወጣቱ ማራቅ አይደለም፤ መጠኑን ማሳነስ፣ ፊርማውን የታመነ ጎልማሳ ከወጣቶቹ ተጠሪ ጋር በጣምራ እንዲፈርም ማድረግና መዝገቡን ለሕዝብ ክፍት ማድረግ ነው። ጥቂት ብር አጥፍቶ በሰፈሩ ፊት ያፈረ ወጣት ዕድሜ ልኩን የሚበጀው ትምህርት አግኝቷል። ምንም ሳይዝ ያደገ ወጣት ግን የመጀመሪያውን ስህተት የሚፈጽመው ጎልምሶ፣ የብዙ ሰው ገንዘብ በእጁ ከገባ በኋላ ነው።

ሌላው ተቃውሞ የሒሳብ ሥራ ወጣቱን ያሰለቸዋል የሚል ነው። በእርግጥ ረጂዎች የሚጠይቁት ቅጽና ዘገባ ብዙ ጊዜ በባዕድ ቋንቋና አነጋገር የተሞላ በመሆኑ፣ ገንዘቡ የሚደርሰው ሰፈሩን ለሚያውቀው ሳይሆን ቅጹን መሙላት ለሚያውቀው ይሆናል። ይህ ግን በቅጹ ላይ የሚቀርብ ወቀሳ እንጂ በሒሳብ ላይ የሚቀርብ አይደለም። በሰፈሩ ቋንቋ የተጻፈ፣ ገቢና ወጪን በሁለት ዐምድ የሚያሳይ አንድ ደብተርና በአደባባይ የሚነበብበት አንድ ቀን ይበቃል።

መደምደሚያ

የሃርት መሰላል የታይታን ተሳትፎ ለማጋለጥ ያገለገለ ነው፤ ወደፊትም ያገለግላል። የድጋፍ ገንዘብን ለሚመዝን ሰው ግን መሰላሉ ብቻውን አይበቃውም። ስለዚህ ፕሮግራሞችን የሚገመግሙ የትምህርትና የወጣቶች ጉዳይ ባለሙያዎች በመሰላሉ ላይ አራት ጥያቄዎችን ቢጨምሩ ይበጃል፤ ወጣቶቹ የተሰጣቸውን ገንዘብ ጠቅላላ መጠን ያውቁታልን? ለመግዛትም ሆነ ለመከልከል ሥልጣን አላቸውን? ሒሳቡን ለረጂው ብቻ ሳይሆን ለጎረቤቶቻቸው ያነባሉን? ቢሳሳቱስ የሚያርሙበት ሁለተኛ ዓመት ተሰጥቷቸዋልን?

የታይታ ተሳትፎ ያለ ውጤት የሚቀር አይደለም፤ እርሱም ያስተምራል። ካናቴራ ለብሶ የተሰለፈ ልጅ የሕዝብ ጉዳይ ማለት ሌሎች የሚወስኑት፣ እርሱ የሚያጨበጭብለት ነገር መሆኑን ይማራል። ያን ትምህርት በኋላ ከልቡ ለማውጣት የብዙ ዓመታት ድካም ይጠይቃል። ድንኳኑን ለተከለው ወጣት መዝገቡን ማስያዝ ግን የአንድ ስብሰባ ውሳኔ ብቻ ነው።