ባለቤቱ ሲባረር የቀረ ቃል
(ስለ ኮቫሩቢያስ መዝገበ ቃላትና ስለ እስፓንኛ ቃላት አመጣጥ የቀረበ ሂስ)

በመዝገበ ቃላት ላይም ሂስ ይጻፋል ወይ? የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ሂስ ለግጥም፣ ለልብ ወለድና ለቲያትር ነው፤ መዝገበ ቃላት ግን ገልጠን፣ የፈለግነውን አግኝተን የምንዘጋው ዕቃ ነው ይባላል። እኛ በዚህ አንስማማም። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው በየቃሉ ላይ ፍርድ ይሰጣል፤ ይህ የኛ ነው፣ ያ መጤ ነው፣ ይህ የጨዋ ነው፣ ያ የባላገር ነው ይላል። ፍርድ ካለ ደግሞ ይግባኝ አለ። ዛሬ ይግባኝ የምንልበት መጽሐፍ ሴባስቲያን ዴ ኮቫሩቢያስ በ1611 ማድሪድ ላይ ያሳተመው «ቴሶሮ» ነው፤ ሙሉ ስሙ ወደኛ ሲመለስ «የካስቲልያ ወይም የእስፓንያ ቋንቋ ግምጃ ቤት» ማለት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

መጽሐፉን የመረጥንበት አንደኛው ምክንያት ቀዳሚነቱ ነው። እስፓንኛን በራሱ በእስፓንኛ የተረጐመ የመጀመሪያው ትልቅ መዝገበ ቃላት እሱ ነው፤ የኢጣልያኖቹ የክሩስካ አካዳሚ መዝገብ እንኳ የወጣው ከአንድ ዓመት በኋላ በ1612 ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ይበልጣል። ኮቫሩቢያስ ከፍች ይልቅ የደከመው ለቃላት ዘር ቈጠራ ነው፤ እያንዳንዱ ቃል ከማን እንደ ተወለደ ማወቅ ይፈልጋል። ይህን ዘር ቈጠራ የያዘው ደግሞ በአገሩ የሰውም ዘር በሚቈጠርበት፣ ዘሩ ያልጠራ ከሹመትና ከገዳም በሚከለከልበት ዘመን ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው።

ታሪኩን በአጭሩ እናስታውስ። እስላሞች ወደ እስፓንያ የገቡት በ711 ነው። የመጨረሻይቱ ግዛታቸው ግራናዳ በ1492 ወደቀች፤ በዚያው ዓመት አይሁድ ከአገር እንዲወጡ ታወጀ። የቀሩት እስላሞች በግድ ተጠመቁና «ሞሪስኮ» ተባሉ። በ1567 ዐረብኛ እንዳይናገሩ፣ በልማዳቸው እንዳይለብሱ ሕግ ወጣባቸው፤ በዓመቱ በአልፑሃራስ ተራሮች ሸፈቱ፤ ዐመፁም እስከ 1571 ቈይቶ ተደመሰሰ። በመጨረሻ ከ1609 እስከ 1614 ድረስ ወደ 300,000 የሚጠጉ ሰዎች ከተወለዱበት አገር ተባረሩ። እንግዲህ 1611 የት ላይ እንደሚውል አንባቢ ራሱ ይቍጠር። ሰዎቹ በየወደቡ መርከብ ላይ ሲጫኑ፣ ቃሎቻቸው ማድሪድ ውስጥ ማተሚያ ቤት ገብተው በፊደል ተራ ይሰለፉ ነበር።

ኮቫሩቢያስም ከነገሩ የራቀ ሰው አይደለም። የኩዌንካ ካቴድራል ካህንና የእንክዊዚሲዮን አማካሪ ነበር፤ ከዚያ በፊትም በቫሌንሲያ የሞሪስኮዎችን የሃይማኖት ትምህርት ጉዳይ እንዲያስፈጽም ተልኮ ነበር። ማለት የሚባረሩትን ሰዎች በዓይኑ አይቷቸዋል፤ አነጋገራቸውንም በጆሮው ሰምቷል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው የዐረብን ቃል ይደብቃል ብሎ የሚጠብቅ ይኖራል። አልደበቀም! ይህን ለኮቫሩቢያስ እንመሰክርለታለን። ገጽ በገጽ «ይህ ዐረብ ነው» ይላል። ምስክሮቹም የንጉሡ የዐረብኛ አስተርጓሚ ዲዬጎ ዴ ኡሬያ፣ የዐረብ ቃላትን የሰበሰበው ፍራንሲስካዊ መነኵሴ ዲዬጎ ዴ ጓዲክስ፣ እንዲሁም በ1505 የዐረብኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመው ፔድሮ ዴ አልካላ ናቸው። ጕድለቱን ግን ከምስክሮቹ ዝርዝር እናገኘዋለን። የተጠሩት አስተርጓሚና መነኵሴ ናቸው፤ ቃሉን በየእርሻው፣ በየመስኖው ቦይና በየሱቁ ሲጠቀሙበት የኖሩት አልተጠሩም።

ከቃላቱ ጥቂቱን እንመልከት። በእስፓንኛ የወይራ ዛፉ «ኦሊቮ» ነው፤ ይህ ላቲን ነው። ፍሬው ግን «አሴይቱና»፣ ከፍሬው የሚጨመቀው «አሴይቴ» ነው፤ ሁለቱም ዐረብ ናቸው። «አሴይቴ» ማለት «አዝ ዘይት»፣ እኛም ግዕዙም ዕብራይስጡም ዘይት የምንለው ነው። እዚህ ላይ አላበቃም። ያው ዘይት ካህን ሲቀባው ወይም ሠዓሊ ሲቀባበት ወደ ላቲን ይመለስና «ኦሌዮ» ይባላል። ልብ እንበል! በቤተ ክርስቲያን ላቲን፣ በወጥ ቤት ዐረብ። ማን ይጸልይ፣ ማን ይጨምቅ እንደ ነበር አንድ ጠርሙስ ዘይት ይነግረናል።

ሌላም አለ። «አልማሴን» (መጋዘን) ከዐረቡ «መኽዘን» ነው፤ እኛ መጋዘን የምንለውም፣ ኢጣልያኑ «ማጋዚኖ» የሚለውም ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። ዝናብ የሚጠራቀምበት ጕድጓድ «አልሂቤ» ይባላል፤ ከዐረቡ «ጁብ» ነው፤ ዐረብ «ጁብ» ያለውን ግዕዝ «ግብ» ይለዋል፤ ግበ አናብስት ስንል የምናነሣው ግብ ማለት ነው። የከተማው ሹም «አልካልዴ» እኛ ቃዲ የምንለው ዳኛ ነው።

እነዚህ ሁሉ የነገርና የሹመት ስሞች ናቸው፤ ስም ደግሞ ከዕቃው ጋር ተገዝቶ ይመጣል ይባል ይሆናል። እሺ ይሁን። ግን እስፓንኛ «እስከ» ለማለት «አስታ» ይላል፤ ይህም ከዐረቡ «ሐታ» የመጣ ነው። «እስከ» የሚለውን ቃል ከገበያ ገዝቶ የሚመለስ ማን ነው? እንዲህ ያለው ቃል የሚወረሰው አብሮ በመኖር፣ ከአንድ ጕድጓድ ውሃ በመቅዳት ነው። «ኦሃላ» (ምነው በሆነ) የሚለውም እንደዚያው ነው። ብዙ ሰው «ኢንሻላህ» የተበላሸ ይመስለዋል፤ አይደለም፤ «ለው ሻ ላህ»፣ አላህ ቢወድስ፣ ከሚለው የእስፓንያ ዐረቦች አነጋገር የወጣ ነው። ያባረራቸው ክርስቲያን ምኞቱን ሁሉ በነሱ አፍ ሲመኝ ኖሯል። የቋንቋው ታሪክ ጸሐፊ ራፋኤል ላፔሳ ከዐረብ የመጣውን ሁሉ የቦታ ስሞችን ጨምሮ ከ4000 በላይ ይገምተዋል።

አሁን ወደ ክሱ እንግባ። ኮቫሩቢያስ ዐረቡን ካልደበቀ ጥፋቱ ምንድነው? ጥፋቱ ሚዛኑ ላይ ነው። በዘመኑ ትምህርት የቋንቋ ሁሉ እናት ዕብራይስጥ ናት፤ ስለዚህ ቃልን ወደ ዕብራይስጥ ማድረስ ማለት ወደ ባቢሎን ግንብ፣ አልፎም ወደ አዳም ማድረስ ነው። በዚህ የተነሣ ድምፁ በጥቂቱ የሚመሳሰል ዕብራይስጥ ባገኘ ቍጥር ሥሩን አገኘሁ ይላል። ቢመሳሰል ባይመሳሰል፣ በየት በኩል እንደ መጣ፣ ማን እንዳመጣው አይጠይቅም። «ዘር ከልጓም ይስባል» እንዲሉ፣ ለሱ የቃል ክብር ያለው በዘሩ ነው፤ የተናጋሪው ልጓም የት እንደ ወሰደው ግድ የለውም።

ጊዜው ነው፣ ምን ያድርግ? የሚል ይኖራል። አይ፣ ጊዜው ብቻ አይደለም። በ1606 በርናርዶ ዴ አልድሬቴ ሮም ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ካስቲልኛ ከላቲን እንደ ተወለደ በማስረጃ አሳይቶ ነበር። ይህን ያለው ደግሞ ዝም ብሎ አይደለም። በ1588 ግራናዳ ውስጥ ከፈረሰ ግንብ አንድ ብራና ተገኘ ተብሎ ነበር፤ ብራናው በሐዋርያት ዘመን እንደ ተጻፈ ይናገራል፤ ካስቲልኛም አለበት። ግሬጎሪዮ ሎፔስ ማዴራ የተባለ የሕግ ሰው ይህን ይዞ ካስቲልኛ ከሮማውያን በፊት የነበረ ጥንታዊ ቋንቋ ነው ሲል ተሟገተ። አልድሬቴ ካለው ሐሳብ ግን የሚከተለው ግልጽ ነው፤ ካስቲልኛ በዚያን ጊዜ ገና ካልተወለደ ብራናው ሐሰት ነው! በኋላ ሮም ብራናውንና ከሱ ጋር የወጡትን የእርሳስ መጻሕፍት በ1682 አወገዘች። የቃል ታሪክ የጡረተኛ ጨዋታ ነው ለሚሉን ጓደኞች ይህ ይበቃል፤ የሐሰት ሰነድ የሚያጋልጥ ሙያ ነው።

ይህን ካልን በኋላ የመጽሐፉን ደግ ጎን ብንሸሽግ ግፍ ይሆናል። «ቴሶሮ» እንደ መዝገበ ቃላት ባይጠነክርም እንደ ንባብ ይጣፍጣል። ኮቫሩቢያስ ቃሉን ይጀምርና ተረት፣ ምሳሌ፣ የመንደር ወሬ፣ የልጅነት ትዝታ ያስከትላል። «ዝሆን» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስማ ምኑ ቅጡ፤ ወሬው አላልቅ ይለዋል። ሀ ብሎ የጀመረባቸው ሦስቱ ፊደሎች ሰፊ ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ይሳሳል። ምክንያቱ ያሳዝናል፤ አርጅቶና ታምሞ ስለ ነበር ሳልጨርስ እሞታለሁ ብሎ ቸኰለ። ጨረሰው፤ በ1613 ሞተ። የዘመኑን ሰው አነጋገር የሚሻ አንባቢ ዛሬም ወደሱ ይሄዳል።

ይግባኙን የሰሙት በሃያኛው መቶ ዓመት የተነሡ ሊቃውንት ናቸው። ጆአን ኮሮሚናስ ባርሴሎና ውስጥ በ1905 የተወለደ ሲሆን፣ ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ በ1939 ተሰድዶ በአርጀንቲና፣ በኋላም በቺካጎ አስተማረ። የቃላት ታሪክ መዝገቡ ከ1954 እስከ 1957 በአራት ጥራዝ ወጣ፤ ከሆሴ አንቶኒዮ ፓስኳል ጋር አስፋፍቶት ከ1980 እስከ 1991 ስድስት ጥራዝ ሆነ። ኮሮሚናስ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ቃሉ መጀመሪያ የተጻፈው መቼ ነው? የት ነው? ድምፁስ በሕጉ መሠረት ተለውጧል? ሥሩ ካልታወቀም አይታወቅም ይላል፤ «ፔሮ» (ውሻ) ከላቲንም ከዐረብም አልመጣም፤ ምናልባት እረኞች ውሻ ከሚጠሩበት ድምፅ ነው ብሎ ይገምታል። «ኢስኪየርዳ» (ግራ) ደግሞ ከባስክ ወገን ነው።

የድምፅ ሕግ ምን ያህል ኃይል እንዳለው በአንድ ቃል እናሳይ። የላቲን አጭር «ኦ» ጠበቅ ተደርጎ ሲነገር በካስቲልኛ «ዌ» ይሆናል፤ «ፖርታ» «ፑዌርታ» (በር)፣ «ቦኑስ» «ቡዌኖ» (ደግ) ሆነዋል። በዚህ ሕግ «እስፓንያዊ» የሚለው ስም «ኤስፓኙዌሎ» መሆን ነበረበት። ግን «ኤስፓኞል» ነው! ስዊሳዊው ፓውል ኤቢሸር በ1948 እንዳስረዳው፣ ይህ አጨራረስ የፕሮቫንስ ነው፤ ስሙን ያወጡላቸው ከፒሬኔ ተራራ ማዶ ያሉ ጎረቤቶች ናቸው። ዘሩን ሲያጠራ የኖረ ሕዝብ የገዛ ስሙ መጤ ሆኖ ተገኘ። አሜሪኮ ካስትሮ ይህን ማስረጃ ይዞ እስፓንያዊነት ከክርስቲያን፣ ከእስላምና ከአይሁድ አብሮ መኖር የተፈጠረ ነው አለ፤ ክላውዲዮ ሳንቼስ አልቦርኖስ የለም፣ ከዚያ በፊት የነበረ ነው ሲል በ1956 መለሰለት። ሁለቱም ስደተኞች፣ መጻሕፍታቸውም የታተሙት ቦነስ አይረስ ነው።

ኮሮሚናስንም ያለ ሂስ አናልፈውም። ምንጩ የማይታወቅ ቃል ሲያጋጥመው ከሮማውያን በፊት ለነበሩ፣ ጽሑፍ ላልተዉ ሕዝቦች መስጠት ይወዳል። የዐረቡን ወገን ያስተካከለው ፌዴሪኮ ኮሪየንቴ ነው። በ1999 ባወጣው መዝገብ ያስገነዘበን ነገር ቀላልና ትልቅ ነው፤ ቃላቱ የገቡት ከመጽሐፍ ዐረብኛ አይደለም፤ በእስፓንያ ገበያና መንደር ይነገር ከነበረው ነው። ኮቫሩቢያስ ያልጠራቸው ምስክሮች ከ388 ዓመት በኋላ ተጠሩ ማለት ነው።

ሆኖም የቀሩት ቃላት ብቻ አይደሉም ታሪክ የሚናገሩት፤ የሄዱትም ይናገራሉ። ልብስ ሰፊ ድሮ «አልፋያቴ» ይባል ነበር፤ ዛሬ «ሳስትሬ» ነው። የፈረስ ሐኪሙ «አልቤይታር» ለ«ቬቴሪናሪዮ» ቦታ ለቀቀ። ባለ ሙያው ሲዋረድ የሙያው ስም አብሮ ተዋረደ፤ ቃልም ይባረራል። በአንጻሩ በ1492 የተባረሩት አይሁድ ካስቲልኛን ይዘው ሰሎኒክና ኢስታንቡል ገቡ። እነሱ ዕለተ ሰንበትን «ዶሚንጎ» አይሉም፤ የጌታ ቀን ማለት ስለሆነ «አልሐድ» ይላሉ። የኛ እሑድ እኮ ነው! ቃሉ የዐረብ፣ ቋንቋው የካስቲልያ፣ ተናጋሪው አይሁድ፣ አገሩ ቱርክ። ኮቫሩቢያስ ይህን በየትኛው ዘር ይቈጥረዋል?

ይህ ሁሉ ለኛ ምን ያደርግልናል? በየክርክሩ «ይህ ቃል ዐረብ ነው፣ ያኛው ጣልያን ነው፣ ከአማርኛችን ይውጣ» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ሐሳባቸውን አንንቅም፤ ቋንቋ ይጠናከር ማለታቸው ነው። ነገር ግን መጋዘንን ከማባረራችን በፊት መጋዘኑን ከማን ጋር እንደ ሠራነው እንጠይቅ። የቃል ዘር ይቈጠር፤ አጥብቀን እንቍጠረው እንጂ! የሚቈጠረው ግን ማን ከማን ጋር እንደ ኖረ፣ ማን ማንን እንዳሠራ፣ ማን እንደ ተባረረ ለማወቅ ነው፤ መጤውን ለይቶ ለማስወጣት ከሆነ ከኮቫሩቢያስ የከፋን ነን፤ እሱ ቢያንስ ቃሉን አላባረረም።

በዚህ የማይስማማ አንባቢ ካለ ብዕሩን ያንሣ፤ እኛም ለማንበብ ዝግጁ ነን።