ብልጭታ የሚል ስም፤ ስለ ቦዶ/ግሊምት ዓርማና ታሪክ

ስለ ኳስ ጨዋታ የሚጻፍ ነገር ከጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ አልፎ በዚህ መጽሔት ቦታ ሊያገኝ አይገባውም የሚሉ ጓደኞች እንዳሉኝ ዐውቃለሁ። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከነሱ አንዱ ነበርሁ። አሳቤን ያስለወጠኝ አንድ ቃል ነው፤ ይኸውም «ተአምር» የሚለው ነው። በሰሜን ኖርዌይ ባለችው በትንሿ የቦዶ ከተማ የሚገኘው ቦዶ/ግሊምት የተባለው የእግር ኳስ ክለብ በ2020 ለመጀመሪያ ጊዜ የአገሩ ሻምፒዮን በሆነ ጊዜ፥ በ2021ም ሮማን 6 ለ1 በረታ ጊዜ፥ የብዙ አገር ጸሓፊዎች ነገሩን በዚህ ቃል ዘግተው ዐለፉ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ይህን ቃል በየሜዳው ተበትኖ ማየት አይወድም፤ ተአምር ምክንያቱ የማይጠየቅ ነገር ነውና። የዚህ ክለብ ታሪክ ግን ምክንያት የሞላበት ነው። (የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ከስሙ ልጀምር፤ በእኔ አስተያየት በማሊያው ደረት ላይ ከሚሰፋው ምልክት ይልቅ የክለቡ እውነተኛ ዓርማ ስሙ ነው። ክለቡ በ1916 ሲመሠረት «ግሊምት» ብቻ ይባል ነበር፤ ትርጓሜውም ብልጭታ ማለት ነው። ከተማይቱ ከአርክቲክ መሥመር በላይ ያለች፥ በሙቀቱ ወራት መካከል ፀሐይ ሌሊቱን ሙሉ የማትጠልቅባት አገር ስለሆነች፥ ስሙን ከሰማይ ብርሃን ጋራ አያይዞ መተርጐም ያጓጓል። እኔ ግን ይህን ትርጓሜ አልቀበለውም። በ1896 የተመሠረተው የኦስሎ ክለብ «ሊን» ማለት መብረቅ፥ በ1908 የተመሠረተው የበርገን ክለብ «ብራን» ማለት እሳት ተብለው ነበር። እንግዲህ ነገሩ በዚያ ዘመን ወጣቶች ዘንድ የተለመደ የስም አወጣጥ ነው። መብረቁና እሳቱ በደቡቦቹ ተወስዶ ለቦዶ ልጆች ብልጭታው ተረፋቸው ብል ቀልድ አይሁንብኝ።

ሁለተኛው የዓርማው ክፍል በስሙ መካከል ያለችው ዘንበል ያለች ሰረዝ ናት። እንግዳ ሰው ሲያያት ሁለት ክለቦች የተዋሐዱ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በአገሪቱ ውስጥ ግሊምት የሚባል ሌላ ክለብ ስለ ነበረ፥ እንዳይምታታ ተብሎ በ1948 የከተማይቱ ስም ከፊት ተጨመረ። ከዚህ የበለጠ ደረቅ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ አይገኝም። ይሁን እንጂ ቦዶ በሜይ 27 ቀን 1940 በጀርመን አውሮፕላኖች ተደብድባ አብዛኛው ክፍሏ የወደመ ከተማ ነበረች። ይህ በሆነ በስምንት ዓመቱ የከተማይቱ ስም ከብልጭታው በፊት ተጻፈ። ያደረጉት ሰዎች ይህን ባያስቡትም እንኳ፥ እኔ ሰረዟን ባየሁ ቍጥር ስፌት ትመስለኛለች።

ስለ ሦስተኛው ምልክት፥ ማለት ስለ ቢጫው የጥርስ ብሩሽ፥ ብዙ መናገር አያስፈልግም። በ1970ዎቹ የደጋፊዎቹን ዘፈን ይመራ የነበረ አንድ ሰው እንደ መዘምራን መሪ ዘንግ በጥርስ ብሩሽ ሲያዝ ጨዋታው ተወደደ፤ ከዚያ ወዲህ ደጋፊዎቹ ሰው የሚያህል ቢጫ ብሩሽ ተሸክመው ወደ ስታዲየም ይገባሉ። ኮሚቴ ያልመከረበት ዓርማ ስለሆነ ከሁሉ ይልቅ የምወደው እሱን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የኖርዌይ ዋንጫ የሚባለው ውድድር የተጀመረው በ1902 ነው። የሰሜን ክለቦች ግን በዚህ ውድድር እንዲገቡ የተፈቀደላቸው በ1963 ነው። ወደ ከፍተኛው ዲቪዚዮን የመግባት መብት ያገኙትም በ1972 ነው። እስከዚያ ድረስ እርስ በርሳቸው ይጫወቱ ነበር፤ ከ1929 ጀምሮ የራሳቸው የሰሜን ሻምፒዮና ነበራቸው፥ ግሊምትም ደጋግሞ አሸንፎታል። እንግዲህ የኖርዌይን እግር ኳስ ታሪክ ከአሸናፊዎች ሰንጠረዥ ብቻ የሚያነብ ተማሪ፥ በሰሜን በኩል ስድሳ ዓመት ሙሉ ኳስ የሚችል ሰው አልተወለደም ብሎ ሊደመድም ይችላል። ሰንጠረዡ አልዋሸም፤ ነገር ግን ማን እንዳይገባ እንደ ተከለከለ የሚጻፍበት ዐምድ የለውም።

ለክልከላው የሚቀርበው አንደኛው ምክንያት ርቀት ነው። ይህ ምክንያት በንቀት የሚታለፍ አይደለም፤ አገሪቱ ረዥምና ተራራማ ናት፥ የባቡሩ ሐዲድም ቦዶ የደረሰው በ1962 ነው። ዋንጫው በሚቀጥለው ዓመት መከፈቱን ስናይ ነገሩ የመንገድ ጉዳይ ብቻ ነበር እንል ይሆናል። ታዲያ ባቡሩ መመላለስ ከጀመረ በኋላ ሊጉ ዐሥር ዓመት ያህል ተዘግቶ የቆየው ስለ ምንድር ነው? ሁለተኛው ምክንያት ግልጽ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ የሰሜን ሰዎች ችሎታ ከደቡቦቹ አይተካከልም የሚል እምነት ነበር። በ1972 የናርቪኩ ምዮልነር ከሰሜን የመጀመሪያው ሆኖ ከፍተኛው ዲቪዚዮን ገብቶ በዚያው ዓመት ወረደ። አላልንም ወይ የሚሉ ሰዎች በዚህ ሳይደሰቱ አይቀሩም።

በሩ ከተከፈተም በኋላ ደፉ ከፍ ያለ ነበር። ሁለተኛው ዲቪዚዮን በሦስት ምድብ ሲከፈል፥ የሁለቱ የደቡብ ምድቦች አንደኞች በቀጥታ ያልፋሉ፤ የሰሜኑ ምድብ አንደኛ ግን ከደቡብ ሁለተኞች ጋራ ማጣሪያ መጫወት ነበረበት። ቦዶ/ግሊምት በዚህ ማጣሪያ በ1974 ወደቀ፤ በ1975ም ወደቀ። በዚያው በ1975 ደግሞ ቫርድ የተባለውን የሐውገሱንድ ክለብ 2 ለ0 አሸንፎ የአገሪቱን ዋንጫ ወሰደ፤ ከሰሜን ዋንጫውን የወሰደ የመጀመሪያው ክለብ ሆነ። አንባቢ ይህን ቆም ብሎ እንዲያየው እለምናለሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቡድን ዋንጫውን ከአገሩ ሁሉ በላይ ሆኖ ወስዶ፥ ሲመለስ በከፍተኛው ዲቪዚዮን ለመጫወት አልበቃም ተባለ። በማጣሪያው የወደቀው በሜዳ ላይ ነው፥ ማንም አልከለከለውም የሚል መልስ ይቀርብ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ከደቡብ አንደኞች ማንም ይህን ፈተና ተቀመጡ አላላቸውም። በሦስተኛው ሙከራ በ1976 ዐለፈ፤ በ1977 በመጀመሪያው የከፍተኛ ዲቪዚዮን ዓመቱ በሊጉ ሁለተኛ ወጣ፥ በዋንጫውም ለፍጻሜ ደርሶ በሊልስትሮም 1 ለ0 ተሸነፈ። ስለ ችሎታ የነበረው ክርክር በዚህ ያለቀ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የመውጣትና የመውረድ ነው። በ1980 ወረደ፤ ቀጥሎም እስከ ሦስተኛው ደረጃ ዘቀጠ፤ በ1993 ሁለተኛ ዋንጫውን ወሰደ፤ በ2016 እንደ ገና ወረደ፥ በሚቀጥለው ዓመትም ተመለሰ። ዋና አሠልጣኝነቱ በ2018 ለሼቲል ክኑትሰን ተሰጠ። ተጫዋቾቹን በአእምሮ ረገድ የሚያሠለጥን የቀድሞ የጦር አውሮፕላን አብራሪ መኖሩን ጋዜጦች ሁሉ ጽፈዋል፤ ቦዶ የአየር ኃይል ሰፈር ስለ ነበረች ነገሩ ለታሪክ አጻጻፍ ያመቻል፥ እኔ ግን ከሚገባው በላይ የተነገረለት ይመስለኛል። በ2020 በ30 ጨዋታ 81 ነጥብና 103 ግብ አግኝቶ ሻምፒዮን ሲሆን፥ በወረርሽኙ ምክንያት ወደ ስታዲየም የሚገባው ተመልካች እጅግ ጥቂት ነበር፤ የጥርስ ብሩሾቹም በየቤታቸው ቀሩ። በ2025 በአውሮፓ ሊግ ለግማሽ ፍጻሜ በመድረስ ከኖርዌይ ክለቦች የመጀመሪያው ሆነ።

እስቲ ተአምር የሚሉት ሰዎች ዓመታቱን ከእኔ ጋራ ይቍጠሩ። ከ1916 እስከ 1963 ዋንጫው የተዘጋበት ዘመን 47 ዓመት ነው። ከተፈቀደለት ጀምሮ ዋንጫውን እስኪወስድ የፈጀበት 12 ዓመት ብቻ ነው። የሊጉ በር ከተከፈተበት ከ1972 እስከ መጀመሪያው ሻምፒዮናነቱ ደግሞ 48 ዓመት ነው። በ1930ዎቹ ለግሊምት የተጫወቱት ሰዎች በዚህ ቍጥር ውስጥ የሉም፤ በኦስሎ ሜዳ ቢጫወቱ ምን ያህል ግብ ያገቡ እንደ ነበር የሚነግረን መዝገብ አይገኝም።