አይፒ አድራሻ የቤት ቁጥር ነው እንዴ?

“አይፒ አድራሻ ማለት የኮምፒውተር የቤት ቁጥር ነው።” ይህን ማብራሪያ ያልሰማ አለ? እኔም ለጀማሪዎች ሳስረዳ ደጋግሜ ተጠቅሜበታለሁ። ዛሬ ግን ልተቸው ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ቢሆንም፣ ሌላው ግማሽ ንጹሕ ሰው ሊያስወነጅል የሚችል ስህተት ነው።

እውነቱን እንየው። ፓኬት የሚባሉት የመረጃ ቁርጥራጮች እናንተ ጋ ለመድረስ የመድረሻ ቁጥር ያስፈልጋቸዋል። እስከዚህ ምሳሌው ይሠራል። የቤት ቁጥር ግን ከቤቱ ጋር ይኖራል። አይፒስ?

መልሱን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየን የድሮው ዲያል-አፕ ነው፤ በስልክ መስመር እየደወሉ ኢንተርኔት የሚገቡበት ዘዴ። ሞደሙ እየጮኸ ይደውላል፤ አቅራቢው ጋ ያለው ማሽን ያነሳል። ከዚያ ሁለቱ ፒፒፒ በተባለ ፕሮቶኮል ይነጋገራሉ። መጀመሪያ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይጠየቃል፤ ብዙ ጊዜ ይህን የሚያጣራው ራዲየስ የሚባል ሥርዓት ነው። ቀጥሎ ኮምፒውተራችሁ “አድራሻዬ 0.0.0.0 ነው” ይላል፤ “የለኝም፣ ስጡኝ” ማለቱ ነው። ማሽኑም “አይሆንም፣ 192.0.2.57ን ተጠቀም” ይለዋል። ኮምፒውተሩ ያንኑ ቁጥር መልሶ ይጠይቃል፣ ማሽኑ ይስማማል። በቃ! ስልኩ ሲዘጋ ቁጥሩ ወደ ጋራ ቋት ይመለስና በኋላ ለሚደውል ሌላ ሰው ይሰጣል።

ለምን? ስሌቱ ቀላል ነው። 3,000 ደንበኞችና 200 የስልክ መስመሮች ያሉት አቅራቢ አስቡ። በአንድ ጊዜ ከ200 ሰው በላይ ሊገባ ስለማይችል 200 አድራሻ ይበቃዋል። ቋሚ አድራሻ የሚይዙ ደንበኞችም ነበሩ፤ አብዛኛው ሰው ግን በውሰት ነበር የሚጠቀመው።

ታዲያ የተሻለው ምሳሌ የቱ ነው? ለእኔ አልጋ መያዝ ነው። ፔንሲዮን ገብታችሁ ክፍል 12 ቢሰጣችሁ ክፍሉ የእናንተ አይደለም፤ ነገ ሌላ ሰው ያድርበታል። “ክፍል 12 ውስጥ ማን ነበር?” የሚለው ጥያቄ “መቼ?” ካልተጨመረበት ትርጉም የለውም። መልሱም በሩ ላይ ሳይሆን እንግዳ ተቀባዩ መዝገብ ላይ ነው ያለው። በዲያል-አፕ ይህን መዝገብ የሚይዘው ራዲየስ ነው፦ ማን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ በየትኛው አድራሻ እንደገባ።

ይሄ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ከምሽቱ 3፡10 ላይ የማስፈራሪያ መልእክት ተላከ እንበል። አንዱ ደንበኛ 3፡08 ላይ ወጥቷል፤ ሌላው 3፡09 ላይ ያንኑ አድራሻ ይዞ ገብቷል። የመዝገቡ ሰዓት አምስት ደቂቃ ቢቀድምስ? መዝገቡ የሚያሳየው የመጀመሪያው ሰው 3፡13 ላይ እንደወጣ ነው። ጥፋተኛው እሱ መሰለ ማለት ነው!

ዛሬ ደግሞ ነገሩ ብሷል። አይፒቪ4 ያለው 4,294,967,296 ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ ብዙ የሞባይል ኩባንያዎች አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኞች በአንድ ጊዜ ያጋራሉ። አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ አልጋ እንደማለት ነው፤ ስለዚህ የክፍሉ ቁጥርና ሰዓቱ አይበቁም፣ የአልጋው ቁጥርም ያስፈልጋል። እሱም ፖርት ይባላል።

እና “አይፒው ተገኝቷል፣ ሰውየው ታውቋል” ሲባል ከሰማችሁ ቶሎ አትመኑ። “በስንት ሰዓት? በማን ሰዓት?” ብላችሁ ጠይቁ።