በቶርንክሊፍ ፓርክ ምን እንይ?

ቶሮንቶን ሊያይ የመጣ እንግዳ ወደ ቶርንክሊፍ ፓርክ ሂድ ሲባል እምብዛም አይሰማም። ሕንፃ ማየት ከወደደ የሚላከው ከዚያ ብዙም ወደማይርቀው የአጋ ካን ሙዚየም ነው። ጃፓናዊው አርክቴክት ፉሚሂኮ ማኪ የነደፉት፣ በነጭ ግራኒት የተለበጠው ይህ ሙዚየም በ2014 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ሁሉም ገጽታው በቀኑ ውስጥ ብርሃን እንዲደርሰው ታስቦ ስለተቀመጠ፣ የጠዋትና የማታ መልኩ ይለያያል። በእርግጥ መታየት ያለበት ሥራ ነው። ሕንፃን በመልኩ ብቻ የሚመዝን ዓይን ግን ቶርንክሊፍ ፓርክ ሲደርስ የሚያየው ያጣል።

ሰፈሩ የቆመው በቀድሞ የፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ ላይ ነው። በ1950ዎቹ ሜዳው ተሸጦ የኪራይ ፎቆች ይሠሩበት ጀመር፤ ግራንድስታንድ ፕሌስና ማይልፖስት ፕሌስ የሚሉት የመንገድ ስሞች ያን ዘመን ያስታውሳሉ። ፕላኑ የወጣው መኪና ላለው ቤተሰብ ነው። በፎቆቹ መካከል ሣርና የመኪና ማቆሚያ ሞልቷል፤ ጎረቤት ከጎረቤት የሚገናኝበት ቦታ ግን ጠባብ ነው። ለ12,500 ሰው ያህል የታሰበው ሰፈር ዛሬ ከ20,000 በላይ ሰው ይኖርበታል፤ ብዙው ከሌላ አገር የመጣ ነው።

ጉድለቱን መሙላት የጀመሩት ነዋሪዎቹ ናቸው። የሰፈሩ ሴቶች ኮሚቴ አቋቁመው በአር ቪ በርጀስ ፓርክ የበጋ ገበያ አስጀመሩ፤ በ2013 ደግሞ እዚያው የታንዱር ምድጃ ተተከለ። ቂጣ የሚጋገርበት ይህ ምድጃ በቁመቱ ከፎቆቹ ጋር አይወዳደርም፤ ሰው ከፎቁ ወርዶ አብሮ የሚቆምበት ምክንያት ግን ሆኗል።

የአዲስ አበባን ኮንዶሚኒየም የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ «ኮሚናሉን» ማስታወሱ አይቀርም። እንጀራ እንዲጋገርበት፣ በግ እንዲታረድበት ከፕላኑ ጀምሮ የታሰበ የጋራ ቤት ነበር፤ ብዙው ግን ለሌላ ነገር ውሏል። ስለዚህ ቦታ መስጠት ብቻውን አይበቃም፤ ቦታውን የኔ ብሎ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል።

ይህ ማለት ግን ፕላን አውጪው ነፃ ነው ማለት አይደለም። ምድጃው የሴቶቹን ብርታት ይመሰክራል እንጂ የፕላኑን ጉድለት አይሰርዝም። እንግዳው ሙዚየሙን ይይ፤ ሲመለስ ግን በፓርኩ በኩል ይለፍ።